ሽማግሌዎቹ ሳሎን፣ እኔ ኮርኒስ ላይ

ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ የት ትሆናለች? ድሮ ጓዳ፣ ዛሬ መኝታ ቤቷ በሯን ዘግታ ስልኳን እየነካካች። እኔ ግን ሽማግሌ የመጣብኝ ዕለት ጣሪያ ውስጥ ነበርኩ። በሀበሻ ቀሚሴ ላይ የሥራ ቱታ ደርቤ፣ ግንባሬ ላይ ባትሪ አስሬ፣ በእጅና በጉልበቴ እየዳህኩ። ሳወራው ቀልድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ምሕረት እባላለሁ። ያኔ ሠላሳዎቹን የጀመርኩ፣ በተማሪ ቪዛ መጥቼ ሜልቦርን የቀረሁ፣ ሶፍትዌር በመፈተሽ የምተዳደር ሴት ነበርኩ። ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ተቀብዬ የቱ ጋ እንደሚበላሽ እፈልጋለሁ። ነገር ፈላጊ ደሞዝ እንደሚከፈለው ያወቅሁት እዚህ አገር ነው። ቤቴ ዋይንድሃም ቬል ነው። ሰፈሩ አዲስ ነው፤ ቤቶቹ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ጎረቤቴ አንድ ቀን በገዛ ቁልፉ የእኔን በር ሊከፍት ሲታገል አግኝቼዋለሁ።

የቤቱ ማሞቂያ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጣሪያው ውስጥ በጋዝ የሚነድ ትልቅ ሂተር አለ። እሱ ያሞቀውን አየር ማራገቢያ በወፋፍራም ቱቦዎች ወደየክፍሉ ይገፋዋል፤ ሙቀቱም ኮርኒሱ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ቁልቁል ይነፍሳል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞስታት አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያውም ኮሪደር ላይ። ኮሪደር ላይ ደግሞ ማንም አይኖርም። ኮሪደሩ ሲሞቅ ሂተሩ ይጠፋል፤ መኝታ ቤት ያለው ሰው ጥርሱን ያፋጫል።

ብቻዬን ሳለሁ ችዬው ኖሬያለሁ። አባዬ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ግን ነገሩ ከበደ። አባዬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የሰጠሁት ክፍል ከሂተሩ የራቀ፣ መስኮቱም ወደ ደቡብ የዞረ ነው።

«እዚህ አገር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው፤» ይለኛል ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ። «ስለዚህ የእኔ ክፍል ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ አያገኝም ማለት ነው። እንዴት የሚገርም ነገር ነው!»

እየተንቀጠቀጠ ያስተምረኛል።

አንጀቴ አልቻለም። በየክፍሉ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ሰቀልኩ። ጣሪያ ውስጥ ገብቼ እያንዳንዱ ቱቦ ላይ ዳምፐር የሚባለውን ገጠምኩ፤ ቱቦው ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ ቆርቆሮ ነው፤ የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ነው። መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ደግሞ ሴንሰሮቹን እያነበበች የቱ ክፍል ይከፈት፣ የቱ ይዘጋ ትወስናለች። የአባዬ ክፍል ሞቅ ይበል፣ የእኔ መጠነኛ ይሁን፣ ሳሎን እንግዳ ሲኖር ይከፈት። አንድ የማይጣስ ሕግ አስቀመጥኩላት፦ ሁሉም አንዴ እንዳይዘጉ። መውጫ ያጣ ሙቀት ተመልሶ ሂተሩን ራሱን ያቃጥለዋልና።

ይህን ሁሉ ስሠራ መሰላል የያዘልኝ ብሩክ ነው።

ብሩክ ፋርማሲስት ነው። ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ተዋውቀን ሁለት ዓመት አብረን ነበርን። የዋህ፣ ሳቂታ፣ ከጣሪያ አቧራ ለብሼ ስወርድ ግንባሬን በመሐረቡ የሚጠርግልኝ ሰው ነው። ልንጋባ ተስማማን። አባዬ እዚሁ እያለ ሽማግሌ ይላክ አልን። እውነቱን ልናገርና ከዚያ ወዲህ ስሄድ እንኳ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። እወደው ነበር፤ ይህን ያዙልኝ።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ ከሰዓት መጡ። ውጭ ዝናብ አለ፤ ከደቡብ የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። መምጣት የነበረባቸው ሦስት ነበሩ፤ ሦስተኛው ድንገት ለሥራ ሺፍት ተጠርተው ቀሩ። ከመጡት አንዱ ጋሼ ታምራት ናቸው፤ ዲር ፓርክ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፤ ሲናገሩ አዋጅ የሚያነቡ ይመስላሉ። ሌላው ጋሼ ሙላቱ ታክሲ ይነዳሉ፤ ቃላቸው ጥቂት፣ ጸሎታቸው ብዙ ነው። ብሩክ እንደ ወጉ አልገባም፤ መኪናው ውስጥ አበባ ታቅፎ «እሺ» የሚባልበትን ሰዓት ይጠብቃል።

እኔ ቀሚሴን ለብሼ መኝታ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ሌላ የምሠራው ስለሌለኝ ስልኬን ከፍቼ የቤቱን ሙቀት አያለሁ። ሳሎን አሥራ አምስት ይላል። ትንሽ ቆይቶ አሥራ አራት። ሂተሩ እየነደደ ነው። ስልኬ «የሳሎን ቱቦ ክፍት ነው» ይላል። የአባዬን ክፍል ሳየው ሃያ ዘጠኝ! ወዲያው ገባኝ። ሞተሩ ዞሯል፤ ቆርቆሮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ግን ላልቷል። ሞተሩ «ከፈትኩ» ይላል፤ በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ሙቀቱ ሁሉ ወደ አባዬ ክፍል ይሄዳል።

ያን ጊዜ አባዬ በሬን ቆረቆረና አንገቱን አስገባ።

«ምሕረት፣ ሽማግሌዎቹ ካፖርታችንን አናወልቅም አሉ።»

«በርዷቸው ነዋ አባዬ!»

«እኔማ ወግ መስሎኝ። እሺ ካላሉን አናወልቅም የሚሉ መስሎኝ ልለምናቸው ነበር።»

«ትንሽ አቆይልኝ፤ አስተካክለዋለሁ።»

«ምን እያልኩ ላቆያቸው?»

«ስለ ፀሐይዋ ንገራቸው።»

በጓሮ በር ወደ ጋራዥ ሄድኩ። ቱታዬን ቀሚሴ ላይ ደረብኩ፤ ጥልፉ በአንገቴ በኩል ብቅ ብሏል። ሂተሩን በስልኬ አጠፋሁና መሰላሉን አቁሜ በጣሪያው ቀዳዳ ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው። ወለሉ አግዳሚ እንጨት ነው፤ በእንጨቶቹ መሃል ያለው ግን ኮርኒስ ብቻ ስለሆነ ድመት እንኳ አስቦ ነው የሚረግጠው። እንጨት እንጨቱን እየዳህኩ ከሳሎኑ በላይ ደረስኩ። ዳምፐሩ ውስጥ እጄን ለማስገባት ቱቦው የታሰረበትን ፕላስተር ልጬ ነቀልኩት።

የተነቀለው ቱቦ አፉ ወደ እኔ፣ ሌላው ጫፉ ሳሎን ነው። ማራገቢያው ጠፍቷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የጋሼ ታምራት ድምፅ ጆሮዬ ሥር የተናገሩ ያህል ጥርት ብሎ ወጣ።

«…ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅዎ ቆመናል።»

«ደጅ አይደላችሁም፤ ሶፋ ላይ ናችሁ፤» አለ አባዬ። ከዚያ ድምፁን አስተካከለ። «ምሕረት የተባረከች ልጅ ናት። ረጋ ያለች ናት። በዚህ ቤት ውስጥ አለች ወይ እስክትሉ ድረስ ድምፅዋ አይሰማም።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጓንቴን ነከስኩ። ብሎኑን አግኝቼ ማጥበቅ ጀመርኩ። ሥራዬን ጨርሼ ቱቦውን መልሼ እወርዳለሁ፤ ማንም አያውቅም። አሳቤ ይኸው ነበር።

«ልጃችንም መንገዱን አስተካክሎ ነው የመጣው፤» ቀጠሉ ጋሼ ታምራት። «ፐርዝ ትልቅ ሥራ አግኝቷል። ሠርጉ እንዳለቀ ተያይዘው ይሄዳሉ።»

ማጥበቁን ትቼ ጆሮዬን ወደ ቱቦው አስጠጋሁ። ፐርዝ? የምን ፐርዝ?

«ፐርዝ፤» አለ አባዬ። አባቴ ፐርዝ ከሜልቦርን ምን ያህል እንደምትርቅ በደንብ ያውቃል፤ መሃል ያለውን በረሃ በስም ሊጠራው ይችላል። ለሠላሳ ዓመት በካርታ ላይ በዱላ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው።

«ቅርብ ናት፤ በአውሮፕላን ነው፤» አሉ ጋሼ ታምራት። «ይህንንም ቤት የሚከራይ ሰው ተገኝቷል። የብሩክ አጎት ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ። እርስዎም እስከዚያ አገርዎ ይገባሉ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። እኔ ቤቴ ጣሪያ ውስጥ ተጋድሜ ቤቴ ሲከራይ እየሰማሁ ነው።

«ምሕረት ይህን ታውቃለች?» አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

«እንዴታ! ተነጋግረው የጨረሱት ነው። ልጁ ራሱ ነው የነገረን። አልነገረችዎትም እንዴ?»

በልቤ ለመንኩት። አልነገረችኝም በል፣ አባዬ። አልነገረችኝም በል።

«ነግራኛለች፤» አለ አባዬ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ አባት «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ መተንፈሻ ጊዜ አለ። እዚህ ሁሉም ሰው ሥራ ስላለው በአንድ ቁጭታ ያልቃል። አባት «እሺ» ካለ ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው ይስሙታል፣ አበባው ከመኪና ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው እኔ ከጣሪያ ሳልወርድ አዲስ አበባ አክስቴ ስልክ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እምቢ ያለች ሴት አባቷን በአደባባይ ያዋረደች ናት።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እሷ ከፈቀደች እኔም…»

ወርጄ ልድረስ ብል አልደርስም። ቱቦውን በሁለት እጄ ይዤ አፌን ከተትኩበት።

«ምሕረት አልፈቀደችም!»

የወጣውን ድምፅ እኔ ራሴ ፈራሁት። ቱቦው አጎልምሶት፣ አስተጋብቶት፣ ከጋሼ ሙላቱ ራስ በላይ ባለው ቀዳዳ ቁልቁል ለቀቀው። «በስመ አብ ወወልድ!» ሲሉ ሰማሁ፤ ብርጭቆም ተሰበረ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሼ ታምራት፤ አዋጃቸው ጠፍቶ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ልጄ ናት፤» አለ አባዬ።

«የት ሆና?»

«ጣሪያ ላይ።» ይህን ያለው ሌላ ሰው ልጄ ገበያ ናት በሚልበት ቃና ነው።

«ጋሼ ታምራት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤» አልኩ በቱቦው። «ፐርዝ የሚባል ነገር ዛሬ ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት። መጣሁ፣ እወርዳለሁ።»

እወርዳለሁ ያልኩት በመሰላሉ ነበር። ተናድጄ ስዞር ግን ቱታዬን ከነቀሚሴ ምስማር ያዘው፤ ስጎትተው ቀኝ እግሬ ከእንጨቱ ላይ ተንሸራተተ። ኮርኒሱ ተሰነጠቀ፤ እግሬ እስከ ጭኔ ድረስ ሳሎን ገባ። የቀረው አካሌ ጣሪያ ውስጥ ነው። ከታች ኖራ ሲዘንብ፣ ሰዎች ከሶፋ ሲዘሉ ይሰማኛል።

«እግር!» አሉ ጋሼ ሙላቱ። ያን ቀን ከጸሎት ውጪ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«አትንቀሳቀሺ!» አባዬ ጮኸ። «ተጎዳሽ?»

«ደህና ነኝ። ብሩክን ጥሩልኝ።»

ብሩክ አበባውን እንደያዘ ገባ፤ እሺ የተባለለት መስሎት ነበር መሰለኝ። እኔ አላየውም፤ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። እሱ የሚያየው የእኔን ካልሲ ብቻ ነው። በሕይወታችን ትልቁን ንግግር ያደረገው ከእግሬ ጋር ነው።

«ምሕረት! የኔ ቆንጆ፣ ምን ሆነሽ ነው? ቆይ መጀመሪያ እናውጣሽ…»

«መጀመሪያ ፐርዝን አውጣ።»

የአበባው ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ልነግርሽ ነበር፤» አለ። «ጊዜው ስላልተመቸኝ ነው።»

«ለጋሼ ታምራት ተመችቶህ ነግረሃቸዋል። ለአጎትህ ልጅም ቤቴን ሰጥተኸዋል። ለእኔ ለምን አልተመቸህም?»

«እምቢ ትያለሽ ብዬ ነዋ!»

«እና?»

«እና… ሽማግሌ ፊት አባትሽ እሺ ካሉ ግን…» ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

«አንተ ልጅ፣» አሉ ጋሼ ታምራት። «በውሸት ነው የላክኸን? እኔ የእሑድ ኦቨርታይሜን ትቼ፣ ካፖርት ለብሼ በረዶ ቤት የተቀመጥኩት ውሸት ልናገርልህ ነው?»

በእጄ እንጨቱን ይዤ እግሬን መዘዝኩት። ጭኔ ተጫጭሯል፤ ሕመሙ የተሰማኝ በማግሥቱ ነው። ዳህኩ፣ በመሰላሉ ወረድኩ፣ በጓሮ በር ሳሎን ገባሁ። አቧራ ከራሴ እስከ እግሬ፣ ቱታዬ ተቀዷል፣ በቀዳዳው የቀሚሴ ጥለት ይታያል። ብሩክ ሲያየኝ እጁ በልማድ ወደ ኪሱ፣ ወደ መሐረቡ ሄደ። ይህቺ እንቅስቃሴ ልትረታኝ ምንም አልቀራትም።

«እተወዋለሁ፤» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ፐርዝን እተወዋለሁ። አሁኑኑ ደውዬ እምቢ እላቸዋለሁ። እዚሁ እንኖራለን።»

እንደሚተወው አውቃለሁ። እተወዋለሁ ካለ የሚተው ሰው ነው፤ ያንን ነው ሰው የማይረዳኝ። ቀድሞ ጠይቆኝ ቢሆን ምናልባት እሄድለት ነበር። ፐርዝ ውቅያኖስ አላት፣ ፀሐይ አላት፣ ሶፍትዌርም ይበላሽባታል። ግን ከእንግዲህ ምግብ ቤት ሲመርጥልኝ እንኳ ከጀርባው ማን ጋር ተመካክሮ ነው ስል ልኖር ነው።

«ፐርዝን አትተው፤» አልኩት። «ጥሩ ሥራ ነው። ሂድ።»

አበባውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ አባዬን ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶ ወጣ። መኪናው እስኪነሳ ብዙ ቆየ። ዝናቡን እያየሁ መስኮት ጋ ቆምኩ። አንድ ነገር ቢሉኝ አለቅስ ነበር።

ከኋላዬ የተናገሩት ጋሼ ሙላቱ ናቸው። «ዶሮው ግን ተሠርቷል አይደል?» አሉ።

ተሠርቷል! ሰው ሳይታጭ ዶሮ አይበላም የሚል ሕግ የለም። ሳሎን ግን ኮርኒሱ ተቀዷል፤ ከላይ ቀዝቃዛ አየርና ኖራ ይወርዳል። በቤቱ ውስጥ የሚሞቅ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ የአባዬ መኝታ ቤት፣ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ። እዚያ ገባን። ሁለቱ ሽማግሌዎች አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ትሪው በርጩማ ላይ ሆነ። በመጨረሻ ካፖርታቸውን አወለቁ።

«ይቺ ክፍል ግን እንዴት እንዲህ ሞቀች?» ጠየቁኝ ጋሼ ታምራት ላባቸውን እየጠረጉ። ስለ ሴንሰሩና ስለ ዳምፐሩ አስረዳኋቸው። ጉርሻቸውን ይዘው አሰቡ። «የእኔም ቤት ኮሪደሩ ብቻ ነው የሚሞቀው፤» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጣሪያቸው ውስጥ ነበርኩ። ባለቤታቸው መሰላሉን ይዘውልኝ «ደግሞ እዚህ ምን ልትሰሚ ነው?» አሉኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባዬና እኔ የሳሎኑን ኖራ ጠረግን። እሱ መጥረጊያ፣ እኔ ማፈሻ ይዘናል።

«አባዬ፣ ለምን ነግራኛለች አልክ?»

መጥረጊያውን ተደገፈ። «አፈርኩ። ልጁ የማትነግረው አባት መባሉን ፈራሁ።» ትንሽ ጠረገና ቆመ። «ወደ ጎንደር ስዛወር እናትሽን አልጠየቅኋትም ነበር። ነፍሷን ይማረውና ዕቃ እሰሪ አልኳት፤ አሰረች። ከጎንደር ስመለስም እንደዚያው።»

«ከፍቷት ነበር?»

«አላውቅም፤» አለ። «አልጠየቅኋትማ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ጣሪያ ውስጥ ግቡ አልላችሁም። ኮርኒስ ማሠራት አሳር ነው፤ የሰፈሩ ሰውም እስከ ዛሬ «ከሰማይ የተናገረችው» እያለ ይጠራኛል። ስለእናንተ ሲወራ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ወግ ነው፣ ነውር ነው ቢሏችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ በሥራም፣ በቤትም፣ በፍቅርም «እነሱ ይነጋገሩና ይነግሩኛል» ማለት አቆምኩ። ብሩክን አንዳንዴ እናፍቀዋለሁ። አልዋሻችሁም፤ ቤቱ ምንም ቢሞቅ ሰው ሰው ነው። የሚጸጽተኝ ግን የተቀደደው ቀሚሴ ነው።

አባዬ ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ቆይቶ አዲስ አበባ ገባ። በቅርቡ ታናሽ እህቴን ሊዲያን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን ሄዱ። እኔ እዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ አባዬ በቪዲዮ ደወለልኝ። ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ሽማግሌዎቹን ሳሎን ትቻቸው መጣሁ፤» አለኝ። «ጥቂት ጠብቁኝ አልኳቸው። ተገርመዋል።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሊዲያን ልጠይቃት።»

«ምን አለች?»

«ቆይ እንጂ፣» አለኝ። «ገና በሩን እያንኳኳሁ ነው።»